የቅመም ስም የሚመሰክረው ስለ ነጋዴው ነው

ፋርሶች ቀረፋን «ዳርቺን» ይሉታል። «ዳር» በጥንቱ ፋርስኛ ዛፍ ወይም እንጨት፣ «ቺን» ደግሞ ቻይና ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ «የቻይና እንጨት» ይሆናሉ። ይህን ይዞ ቀረፋን በጥቅሉ የቻይና ተክል ማድረግ የተለመደ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ስሙ የሚመሰክረው ነጋዴው ዕቃውን ከየትኛው አቅጣጫ እንደተረከበ ብቻ ነው።

በደቡብ ቻይና የሚበቅል፣ ቅርፊቱ ወፈር ያለ የቀረፋ ዓይነት በእርግጥ አለ። ስስና ለስላሳው፣ በገበያም የበለጠ የሚከበረው ግን የስሪላንካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1505 ደሴቲቱን የረገጡት ፖርቱጋሎችና በ1658 ያባረሯቸው ሆላንዶች ከተፎካከሩባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ እርሱ ነበር። ቅርፊቱን የሚልጡት ሲንሃላዎች «ኩሩንዱ» ይሉታል፤ በስሙ ውስጥ ቻይና የለችም።

የፋርስኛው ቃል የተስፋፋው ፋርስኛ የቤተ መንግሥት፣ የሥነ ጽሑፍና የንግድ ቋንቋ ሆኖ በተሰማበት ሁሉ ነው። ቱርኮች «ታርችን»፣ ጆርጂያውያን «ዳሪቺኒ»፣ ኡዝቤኮች «ዶልቺን»፣ የሂንዲ ተናጋሪዎች «ዳልቺኒ» አሉት። ኢብን ሲና በዐረብኛ በጻፈው የሕክምና መጽሐፍ ውስጥ «ዳርሲኒ» ሆኖ ይገኛል፤ በኢራቅና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ዛሬም «ዳርሲን» ስለሚባል፣ በዚያ በሰው ቤት ወጥ የሠሩ እህቶቻችን ቃሉን ሳያውቁት አይቀሩም።

ወደ እኛ ግን አልዘለቀም። ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉት የመናውያንም ሆኑ ግብፃውያን ቅመሙን የሚጠሩት «ቂርፋ» ብለው ነው፤ የእኛ «ቀረፋ» የመጣውም ከዚሁ ነው። የዐረብኛው ቃል ከራሳችን «ቅርፊት» ጋር ሥር ስለሚጋራ፣ ሲገባ እንግዳ ሆኖ የተቸገረ አይመስለኝም። መዝገበ ቃላቶቻችን «ከዐረብኛ» ብለው ባያቆሙና ይህን ዝምድና ቢያሳዩ እመርጣለሁ።

ከጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ብዙዎቹ ደግሞ ቀረፋ የሚበቅለው በእኛው በአፍሪካ ቀንድ ይመስላቸው ነበር። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለቀይ ባሕር ነጋዴዎች የተጻፈ አንድ የግሪክኛ መምሪያ የቀረፋን ዘመድ የሆነውን ቅርፊት በዛሬዋ ሶማሊያ ዳርቻ ካሉ ወደቦች ከሚጫኑ ዕቃዎች ጋር ይዘረዝረዋል። ዛፉ ግን በዚያ ዳርቻ የሚበቅል አይደለም፤ ቅርፊቱን ከምሥራቅ ያመጡት የሕንድ ውቅያኖስ መርከበኞች ነበሩ።