«እማማ፣ ሲስተሙ አያውቅዎትም»

ኧረ በፈጠራችሁ! ዛሬ ቢሮ መስኮት ላይ አንዲት እናትና ኮምፒውተሩ ላይ ስም የሚፈልገው ልጅ የተባባሉትን ስሙልኝማ።

«እማማ፣ ሲስተሙ አያውቅዎትም።»
«እኔም አላውቀውም ልጄ።»
«ስምዎ የለም ማለቴ ነው።»
«ደብተሬ እጅህ ላይ አይደል እንዴ? ማኅተሙስ የናንተ አይደል?»
«ደብተሩማ አለ። እርስዎ ነዎት የሌሉት።»

ሰልፉ በሳቅ አለቀ። እሳቸው አልሳቁም። ከዚያ ፍርዱ ተሰጠ፦ «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል ማስረጃ ከወረዳ ያምጡ። ሁለቱ ስሞች እነማን ናቸው? ፀሐይ እና ጸሀይ!!!

ልጁ ላይ አልፈርድም፣ ደብተሩ ላይ ያየውን ነው የጻፈው። ዳታውን ያስገባችውም ኪቦርዱ የቀናትን ነው የመታችው። ማሽን ግን ጆሮ የለውም። ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል የሚይዘው የቁጥር መለያ) ላይ ጸ ቁጥሩ 1338፣ ፀ ደግሞ 1340 ነው፤ ለሱ የጸና የፀ ልዩነት የበና የመ ያህል ነው። እስቲ ቁጠሩት፦ ለመጀመሪያው ፊደል 2 ምርጫ፣ ለመሀሉ 6 (ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ)። ሦስት ፊደል ያላት ስም በ12 ዓይነት ትጻፋለች፣ ሲስተሙ የሚያውቀው አንዱን! ገ/ማርያም፣ ገብረማርያም፣ ገብረ ማርያም ደግሞ ሦስት ሰው ናቸው፣ አይተዋወቁም።

የሚያበግነኝ መድኃኒቱ ቀላል መሆኑ ነው። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጥ፣ አትንካው። አጠገቡ ለፍለጋ ብቻ የሚሆን ሌላ ኮለም (ዓምድ) ክፈት፤ እዚያ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ሁሉም ሀ ይሁኑ፣ ሠ ሰ ይሁን፣ ዐ፣ ዓ፣ ኣ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ እስከነርባታቸው። ክፍተቱን አጥፋ፣ ገ/ን ወደ ገብረ ፍታ። ከዚያ መስኮት ላይ የሚጻፈውንም በዚያው ወንፊት አሳልፈህ ፈልግ። ይቺን የመጨረሻዋን ዘለው «ሞክረነው አልሠራም» የሚሉ አሉ፣ እግዜር ይይላቸው። የፊደል ሠንጠረዡ ከአንድ ገጽ አያልፍም! ዩኒኮድ እንደሆነ ግዕዝን ካስገባ ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፣ «ፊደላችን ለኮምፒውተር አይመችም» የሚል ሰበብ አትንገሩኝ።

ስለ ጳጉሜማ አታናግሩኝ። የአንዳንዱ ሲስተም የወር ዝርዝር 12 ላይ ያልቃል። 13 ያለውም ጳጉሜ 6ን «የተሳሳተ ቀን» ይላታል፤ 2015 ላይ አልነበረችም በሉኛ! ወደ ፈረንጅ ሲቀይር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ 8 የሚደምር አለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ነው ወንድሜ! ኅዳር የተወለደ ሁሉ በአንድ ዓመት ተለወጠ እኮ።

ለማንኛውም፣ ስምዎ ጠፋ ከተባሉ ወረዳ ከመሄድዎ በፊት «በስልክ ቁጥሬ ፈልግልኝ» ይበሉት። እሱም በ09 ተመዝግቦ በ+251 ካልተፈለገ ነው እንግዲህ።