ለድሃው ብለው ነው አሉ!

ሰሞኑን አንድ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ የቀረበ እንግዳ ደሜን አፈላው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2023 ያሻሻለችው የሲኒማ ህግ ድሃ ተመልካች ላይ ያነጣጠረ ነው አለ። አላበቃም። የደቡብ ህንዶቹን የታሚል ፊልሞች እየሰረቀ ይለቅ የነበረው ታሚልሮከርስ የተባለው ድረ ገጽ የድሃው ባለውለታ ነው ብሎ አረፈው! አዘጋጁ ትንፍሽ አላለም።

ሰውዬው ህጉን አይቶታል? ከሦስት ወር እስከ ሦስት ዓመት የሚያሳስረው ሲኒማ ቤት ገብቶ መቅዳትና ቅጂውን ማሰራጨት ነው። ቅጣቱም ከ300 ሺህ ሩፒ ይጀምራል። ስልኩ ላይ የሚያይ ልጅ እዚያ ውስጥ የለም።

ደግሞ የምን ባለውለታ? አንዱን ቅጂ ከፍታችሁ እዩት። ምስሉ ተንጋዷል። የፊት ወንበር ሰው ጭንቅላት መሃል ላይ ብቅ ይላል። ዋናው ተዋናይ ሲገባ ፉጨቱ ንግግሩን ይውጠዋል። ጥግ ላይ ደግሞ የቤቲንግ ማስታወቂያ! እሱ ለጽድቅ አልተለጠፈም።

«ኮከቦቹ ሀብታም ናቸው፣ አይጎዱም» የምትለዋም አለች። ልክ ነው፣ አይጎዱም። የሚያናድደኝም እሱ ነው። የታሚሉ ኮከብ የራጂኒካንት «2.0» የተባለው ፊልም እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ሊወጣ ሲል አዘጋጆቹ ማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሄደው ከ12 ሺህ በላይ ድረ ገጾች እንዲዘጉ አስወሰኑ። ፊልሙ ተሰረቀ። ቢሰረቅም ሕዝቡ ተሰለፈለት። አሁን በብድር የተሠራውን፣ ስም ያለው ተዋናይ የሌለበትን ፊልም አስቡት። ያለው አርብ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። በወሬ ወሬ ሰው ካልመጣለት በሳምንቱ ይነሳና ቦታውን ሌላ ይይዘዋል። ድሮ ቅዳሜ ያየው ሰው ጓደኛውን «ሂድና እየው» ይለው ነበር። አሁን ሊንኩን ይልክለታል። ፊልሙ በየስልኩ ይታያል፣ አዳራሹ ባዶ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ለጠበቃ የሚከፍለው ከየት ያምጣ? ድረ ገጹን ቢያዘጋውስ? አንድ ፊደል ቀይረው በሌላ አድራሻ ይመጣሉ። አበዳሪው ግን ወለዱን አይረሳም። ስለዚህ ቀጣዩ ብር ተመልሶ ለኮከቡ ይሄዳል፣ አዲሱ ዳይሬክተር በር ላይ ይቀራል። ከዚያ እኛው «የታሚል ፊልም አንድ ዓይነት ሆነ» ብለን እናማርራለን።

ቲኬት ውድ ነው እንዳትሉኝ። የታሚሎቹ ግዛት ታሚል ናዱ ውስጥ የቲኬት ዋጋ ጣሪያ የሚያወጣው መንግሥት ነው። ብዙው ፊልም ደግሞ በወር ገደማ ኦንላይን ይገባል። ወር መታገስ ያቃተው ሰው ድህነትን ባያነሳ ጥሩ ነው። የታሚል ፊልም በማይታይበት አገር ያለ ሰውማ ምን ያድርግ፣ እሱን አልሞግትም። እኛም ብንሆን በቴሌግራም ለምናየው የአማርኛ ትርጉም ማን ፈቃድ ከፈለ ብለን ጠይቀን አናውቅም።

ሌባው ካሜራውን ይዞ ሲገባ በር ላይ የቆመውስ? የታሚል ፕሮዲዩሰሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ፊልም ተቀድቶባቸዋል ላላቸው ሲኒማ ቤቶች አዲስ ፊልም አንሰጥም ብሎ ነበር። ደግ አደረገ። እኔ ብሆን ፈቃዳቸውንም አስነጥቅ ነበር።