የምናየውን ፊልም ቤጂንግ ናት የምታጸድቅልን?

ሆሊውድ ቻይና እንዳትቀየም ብሎ ፊልሙን የሚቀያይርበትን ነገር ዛሬ ካልተነፈስኩት እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጅ ሆኜ ጀምሮ የሆሊውድ ፊልም ወዳጅ ነኝ። አሁን ግን ታሪኩን መከተል ትቼ «ይሄን ደግሞ ማን እንዳይቀየም ብለው ነው?» እያልኩ ሆኗል የማየው።

ቻይና በአገሯ የፈለገችውን ትቁረጥ። «አይረን ማን 3» ላይ ለቻይና ተመልካች ብቻ ቻይናዊቷ ተዋናይት ፋን ቢንግቢንግ ያለችበት ትዕይንት ጨመሩ፤ ይሁን። እኔን የሚያንገበግበኝ ለሁላችንም የሚመጣው ፊልም መነካካቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን «ሬድ ዶውን» ውሰዱ። አሜሪካን የሚወረው የቻይና ጦር ነበር። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ባንዲራና አርማውን በኮምፒውተር እየፋቁ ወራሪውን ሰሜን ኮሪያ አደረጉት። ሰሜን ኮሪያ ትኬት አትገዛማ!

የ2015ቱ የ«ስታር ዋርስ» ፖስተር ግን አንጀቴን ነው ያቃጠለው። ጆን ቦዬጋ፣ የናይጄሪያውያን ልጅ፣ ከዋናዎቹ ተዋንያን አንዱ ነው። በሌላው ዓለም ፖስተር ላይ ጎልቶ ይታያል፤ የቻይናው ላይ አሳንሰው ጥግ አስያዙት። ሉፒታ ኒዮንጎ የተጫወተችው ገጸ ባህሪማ ጭራሽ የለችም። የጥቁር ፊት ገበያ ያበላሻል ያላቸው ማን ነው? አገራቸው ላይ ስለ እኩልነት አፋቸውን ሞልተው እያወሩ፣ ውቅያኖስ ሲሻገሩ እኛን የሚመስለውን ሰው ያሳንሱታል?

ይሄ ሁሉ ለምንድነው? ቻይና በ2012 ከአሜሪካ ጋር ባደረገችው ስምምነት፣ የትኬት ገቢ እያካፈለች በዓመት ልታስገባ የተስማማችው የውጭ ፊልም 34 ነበር፤ ለስቱዲዮዎቹም ከትኬቱ ገቢ እንዲደርሳቸው የተባለው 25 በመቶ ነበር። ለዚያች ሩብ ሲሉ ነው እንግዲህ። የነጻ ትግል ተጋጣሚና ተዋናይ የሆነው ጆን ሲናም በ2021 ቻይና የኔ ግዛት ናት የምትላትን ታይዋንን «አገር» ብሎ በመጥራቱ በቻይንኛ ይቅርታ ሲለምን አይተነዋል። ያን ግዙፍ ሰውዬ እንደዚያ ሲሆን ማየት ያማል።

ደግሞ አማራጭ የለም እንዳትሉኝ። በ2019 የወጣው የ«ቶፕ ገን» ማስተዋወቂያ ላይ ከቶም ክሩዝ ጃኬት ጀርባ የታይዋንና የጃፓን ባንዲራ ጠፍቶ ነበር። ፊልሙ በ2022 ሲወጣ ሁለቱም ቦታቸው ተመልሰዋል። ቻይና ሲኒማ ቤት ሳይገባም ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር አስገባ። ታዲያ እናንተ ስቱዲዮዎች፣ ምን ያንቀጠቅጣችኋል?

ከዚህ በኋላም መቀየራችሁ ካልቀረ፣ የቀየራችሁትን ፊልሙ መግቢያ ላይ ጻፉልን። እኛም እኮ ከፍለን ነው የምናየው!