«ለዕድሜዎ ደህና ነው»

ይቺ ቃል እስካሁን አልተዋጠችልኝም።

እናቴን ይዤ ደብረ ማርቆስ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ደረጃውን ወጥታ ትንፋሿ እንኳ ሳይመለስ ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን በሹራቧ ላይ ጠመጠመችው። እናቴ ደግሞ መቼ ዝም ትላለች! የቢቸና ዘመዶቿን ጉድ እያወራች ተለካች። 158 በ94። ዶክተሩ ወረቀቱን አየት አደረገና «እማማ፣ ለዕድሜዎ ደህና ነው፤ ጨው ይቀንሱ» አላት። አለቀ። ሴትዮዋ ገና 60ዎቹ ውስጥ ነች!

የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚያ 134 በ84 ሆኜ ሐኪሜ ፊቷ ተቀያየረ። በፈረንጆቹ 2017 የወጣው የልብ ሐኪሞቻቸው መመሪያ ከ130 በ80 ጀምሮ ግፊት ነው ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በፈረንጆቹ 2021 ያወጣው ደግሞ መድኃኒት ከ140 በ90 ጀምሮ ነው ባይ ነው። እናቴ ሁለቱንም አልፋለች።

«ዶክተር፣ መመሪያው እኮ…» ስል ሳቅ አለ። «ወንድሜ፣ እኔ የማክመው ሰው ነው እንጂ ወረቀት አይደለም።» አባባሉስ ያምራል። ግን ሴትዮዋን ቀና ብሎ መች አያት?

እውነቱን ለመናገር የፈረንጅ ሐኪምም ለመመሪያ አይሰግድም። የ2017ቱን መመሪያ የአሜሪካ የቤተሰብ ሐኪሞች ማኅበር አልደግፍም ብሏል። እነሱ ግን ምክንያታቸውን ጽፈው፣ በአደባባይ ነው። «ለዕድሜዎ ደህና ነው»ን በምን ትከራከረዋለህ?

መድኃኒት ይጠፋል፣ ላብራቶሪ አይሠራም፤ ይገባኛል። ኮሪደሩ ላይ የተኮለኮለውን ሰው አይቻለሁ፤ ዶክተሩም ምሳ የበላ አይመስልም። ግን ከመለካት በፊት አምስት ደቂቃ ማስቀመጥ የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል? ሹራብ ማስወለቅስ? «ቡና ጠጥተው ነው የመጡት?» ብሎ መጠየቅስ? (ጎጃም ውስጥ ቡና ሳይጠጣ ከቤት የሚወጣ ካለ!) ሁሉም መመሪያው ላይ አለ፤ ሁሉም በነፃ ነው። እዚያ ማዶ ነርሷ ገና አፌን ስከፍት «አታውራ» ትለኛለች። እግርህን አታነባብር፣ ጀርባህን አስደግፍ። እንዴት ይደብረኝ እንደነበር!

ቤት ገብተን አሳርፌ፣ ባመጣሁላት መለኪያ ለካኋት። 146 በ90። ቤት ሲለካ ከ135 በ85 ማለፍ የለበትም። ሌላ ሐኪም ጋ እንሂድ ብላት «ዶክተሩ ደህና ነሽ ብሎኛል» ብላ ድርቅ። አሁን ጎረቤቶቿ ነጭ ሽንኩርት አዘውላታል። እነሱ ቢያንስ በቀን ስንቴ እንደሚበላ ይነግሯታል።