ራምፑ ላይ የተቀመጠው የአበባ ማሰሮ

ባለፈው እሑድ እናቴን በዊልቸር እየገፋሁ ወደ አንድ የሕዝብ መናፈሻ ሄድኩ። የመግቢያውን ክፍያ እንደማንኛውም ሰው ሙሉ ከፍለን ገና ጥቂት እንደተራመድን ደረጃ ተቀበለን። ራምፕ (ዊልቸር የሚወጣበት ደረጃ አልባ መወጣጫ) የለም ወይ? አለ እንጂ! አቀበቱ ፍየልን የሚያደክም ከመሆኑም በላይ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል፤ ለውበት ነው አሉ። ጥበቃው በትሕትና ያቀረበልኝ መፍትሔ «እርሳቸው እዚህ ጥላ ሥር ይጠብቁህ፤ አንተ ገብተህ ተዝናና» የሚል ነበር። እናቴን በር ላይ አስቀምጬ ልዝናና?

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ላይ መዝናናትንና ስፖርትን በስም ጠርቶ ያነሣል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ ሕንፃዎች ዊልቸር ለሚጠቀሙ ሰዎች የሚመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። ወረቀቱማ ሞልቷል። ጠጠር በፈሰሰበት መንገድ ላይ ጎማውን የሚገፋው ግን ማን ነው?

በበሩ አጠገብ ያለው መጸዳጃ ቤት የዊልቸር ምልክት ተለጥፎበታል፤ ስንከፍተው የመጥረጊያና የባልዲ ማከማቻ ሆኖ አገኘነው (መጥረጊያዎቹ እንኳ ያለ ችግር ገብተዋል)። መናፈሻው ውስጥ ፏፏቴ ለመሥራት የተገኘ ሲሚንቶ ለአንድ ለስላሳ ራምፕ ሲሆን እንዴት ይጠፋል? ፏፏቴውን እናቴ አላየችውም፤ ድምፁን ከሩቅ ሰምታ ተመልሳለች።