ከነጮች ጋር ለምን ይቀለናል?

አሜሪካ የሚኖር ሐበሻ የዘር ጉዳይ ሲነሳ «እኔ ከነጮች ጋር ምንም ችግር የለብኝም» ማለት ይወዳል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። ነጩ ባልደረባው ከየት እንደመጣ ይጠይቀዋል፤ ኢትዮጵያ ሲለው የቡናና የሩጫ ወሬ ይጀመራል። ሁለቱም ዘና ይላሉ።

እኔን የሚገርመኝ የነጩ ዘና ማለት ነው። ጎፍ፣ ስቲልና ዴቪስ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ነጭ ወንዶች ከጥቁሮች ጋር ሊወያዩ ወንበር እንዲደረድሩ ተጠየቁ። ርዕሱ ፍቅር ነው ሲባሉ ወንበሩን አቀረቡ። ፖሊስ ሰውን በቆዳ ቀለሙ ስለመጠርጠሩ ነው ሲባሉ አራቁት። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት ያራቃቸው ጥላቻ ሳይሆን «ዘረኛ እንዳልባል» የሚል ስጋት ነው። ውይይቱ መማሪያ ነው ተብለው ሲነገራቸው ደግሞ ርቀቱ ቀነሰ።

ከሐበሻ ጋር ያ ስጋት የሚቀል ይመስለኛል። የባርነትና የጂም ክሮው (ጥቁሮችን ከነጮች የሚለዩት የቀድሞ ሕጎች) ሒሳብ ከእኛ ጋር የለባቸውም፤ እኛም አናነሳባቸውም። ቅለቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። አንዳንዶቻችን ግን ቅለቱን የጨዋነታችን ሽልማት አድርገን ቆጥረን፣ ጥቁር አሜሪካዊውን «ምን ያማርረዋል?» እንላለን። ይሄ ያናድደኛል። ለእኛ በሩን የከፈተው የ1965ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢሚግሬሽን ሕግ እኮ የወጣው እነሱ በታገሉበት የሲቪል መብቶች ዘመን ነው።

በ2005 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ዩ ስትሪት አጠገብ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስያሜ ሲታሰብ ከጥቁር አሜሪካውያን ተቃውሞ ገጠመው። ነገሩን ምቀኝነት ማለት ይቀላል። ዩ ስትሪት ግን «የጥቁሮች ብሮድዌይ» ይባል የነበረ፣ የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር ነው።

ደግሞስ ቅለቱ እስከ የት ያደርሳል? በ1988 እ.ኤ.አ. ፖርትላንድ ውስጥ ኢትዮጵያዊውን ሙሉጌታ ስራውን በቤዝቦል ዱላ ደብድበው የገደሉት ነጭ ዘረኞች ሐበሻ ነህ ወይ ብለው አላጣሩም።

እዚያ የተወለዱት ልጆቻችን ይህ ቅለት የላቸውም። አነጋገራቸው አሜሪካዊ ነው፤ ሱቅ ሲገቡ ጥበቃው የሚያየው ጥቁር ወጣት ነው። አባት ስለ ጥቁር አሜሪካውያን «ከእነሱ ጋር አትዋል» ይላል። ልጁ ነጭ አስተማሪው ፊት ለምን ቃላት እንደሚመርጥ ግን አባትየው አይገባውም። ጎረቤቱ ያለው ጥቁር አሜሪካዊ አባት ይገባዋል። ሁለቱ አባቶች ግን ከሰላምታ ያለፈ ወሬ የላቸውም።