እርማት፦ ግሪድ ለማሳያ ብቻ አይደለም

«ግሪድና መሰል የሲኤስኤስ ዘዴዎች ለማሳያ ያምራሉ እንጂ ለእውነተኛ ድረ ገጽ አይሆኑም፤ አሮጌ ብሮውዘር ላይ ገጹ ይፈርሳል» ላሉት፦ ግሪድ፣ ማለትም የገጽን ክፍሎች በረድፍና በዓምድ የሚደረድረው የሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ) ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ፋየርፎክስ፣ ክሮምና ሳፋሪ ውስጥ ገብቷል፤ ኤጅም በዚያው ዓመት ጥቅምት ተከትሏል። ስንቱን ያስቸገረን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 እንኳ በሰኔ 2022 ጡረታ ወጥቷል።

ዋናው ስህተት ግን «ይፈርሳል» የሚለው ነው። ብሮውዘር የማያውቀው የሲኤስኤስ መስመር ሲገጥመው ሥራውን አያቆምም፤ መስመሩን ዘልሎ ያልፋል። በአንድ የዜና ገጽ ላይ ዜናዎቹን በግሪድ በሦስት ዓምድ ቢደረድሩ፣ አሮጌው ብሮውዘር አንዱን ከሌላው ሥር ያወርዳቸዋል። በስልክ የሚያነብ ሰው ከዚህ የተለየ ምን ያያል? ዜናው እንደሆነ አልጎደለበትም።

ሥጋትዎ የሚሠራበት ቦታ አለ፤ እሱን አልክድም። የመክፈያውን ቁልፍ ደብቀው፣ ቅጹ ሲሞላ «ሃዝ» (:has) በተባለው መምረጫ፣ ማለትም አንድን የገጽ ክፍል በውስጡ ባለው ነገር በሚለየው የሲኤስኤስ አገላለጽ ብቻ፣ እንዲገለጥ ካደረጉት፣ መምረጫውን በማያውቅ ብሮውዘር ቁልፉ እንደተደበቀ ይቀራል። ፋየርፎክስ ይህን መምረጫ በነባሪነት የተቀበለው በታኅሣሥ 2023 ነው። ስለዚህ መደበቂያውን ራሱን «ሰፖርትስ» (@supports) በሚባለው፣ ብሮውዘሩ መምረጫውን ማወቁን አስቀድሞ በሚፈትሸው ደንብ ውስጥ ይክተቱት፤ መምረጫውን የማያውቅ ብሮውዘር መደበቂያውንም አያነበውም።